በጥሎሹ ቀን የተመታው አልማዝ

አንድ ሰው ነበረ፣ ልጄ፤ ጥያቄህን ከመመለሴ በፊት የእሱን ጉድ ስማ። ሀብታም ነው። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል። ሠርጓ ሲቃረብ አንድ ወሬ ጆሮው ገባ፤ በፋብሪካ የሚሠራ ድንጋይ መጥቷል፣ እንደ አልማዝ ያበራል፣ በዓይን አይለይም የሚል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። አማቼ የሚሆነው ሰው ቢያታልለኝስ? አገር ቢስቅብኝስ?

አንድ ወዳጁ መላ አቀበለው። «አልማዝ ከሁሉ የጠነከረ ነው። በመዶሻ ምታው፤ ከተሰበረ ሐሰት፣ ካልተሰበረ እውነት ነው» አለው። ሰውዬውም የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ አመነ።

የጥሎሹ ቀን ደረሰ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ያመጡትን እያነሡ አሳዩ፤ ቀሚሱን፣ ካባውን፣ በመጨረሻም የአልማዝ ቀለበቱን። ቀለበቱ የሙሽራው እናት ከጣቷ አውልቃ ለምራቷ የሰጠችው ነው። እንደ ወጉ የሴቷ ወገን የመጣውን ማጣጣል አለበትና፣ አባትየው «መዶሻ አምጡልኝ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ። ሰውዬው ግን የምሩን ነበር። ቀለበቱን የደጁ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

አልማዙ ብትንትኑ ወጣ።

ሳቁ ባንዴ ቀጥ አለ። አብራ የመጣችው የሙሽራው እናት እጇን ጭንቅላቷ ላይ እንደጫነች ቀረች። አባትየው «አላልኳችሁም? ይኸው ሐሰት!» እያለ ሽማግሌዎቹን ከነስጦታቸው አስወጣ። ልጂቱ «አባዬ፣ ምን አደረግክ? ምን አደረግክ?» እያለች ጮኸች።

በማግስቱ፣ የሐሰቱን ነገር በባለሙያ አፍ ሊያስመሰክር ስብርባሪውን ይዞ አንጥረኛ ዘንድ ሄደ። አንጥረኛው በማጉያ መነጽር አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«የምን ጭካኔ ነው ይሄ? አልማዝ እኮ ነው! ቢላ አይጭረውም እንጂ መዶሻማ ይሰብረዋል» አለ።

ሰውዬው አሁንም አላመነም። እዚያው በፋብሪካ የተሠራ ድንጋይ ገዝቶ መታው። እሱም ብትንትኑ ወጣ። ሰውዬው ሁለቱን ስብርባሪ ጎን ለጎን አድርጎ አየ። መዶሻው እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል አድቅቆታል። ታዲያ ትናንት ምን አወቀ? ምንም!

እየሮጠ ሙሽራው ቤት ደረሰና የሙሽራውና የእናቱ እግር ላይ ወደቀ። እናትየዋ «ድንጋዩስ ድንጋይ ነው» አለችው። «እርስዎ ግን ልጄን በሰው ፊት አጭበርባሪ አሰኙት።» በሩንም ዘጋችበት።

አንተም ዛሬ መጥተህ «እጮኛዬ ከልቧ ትወደኝ እንደሆነ ለማወቅ፣ ጓደኛዬን ልኬ እንዲያሽኮረምማት ላድርግ ወይ?» ትለኛለህ። ስሰማህ ክው ነው ያልኩት፣ አልደብቅህም። ፍቅሯ ሐሰት ከሆነ ጓደኛህ ይሰብረዋል። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ላኪው አንተ መሆንህን ባወቀች ቀን አንተው ትሰብረዋለህ። ያ አባት መዶሻውን ሲያነሣ የሚከለክለው ሰው አጣ፤ አንተ ግን እኔን ጠይቀሃል። ለጓደኛህ አስቀድመህ ነግረኸዋል፤ የሚያገኛት ዛሬ ከሰዓት ነው አይደል ያልከኝ? ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ተነሥ፣ ሮጠህ መልሰው!