ስለ ማርያም ተብላ እንቢ ያለችው ወለተ ኪሮስ

የአምላክ እናት እመቤታችን ማርያም ለአንዲት ባልቴት ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለንና ልባችሁን አቅኑ፤ የምሕረት ልመናዋ ከሚናገረውም ከሚሰማውም ጋር ይሁን፣ አሜን።

በአንዲት ደብር ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ወለተ ኪሮስ የምትባል ሴት ነበረች፤ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል አትቀምስም፤ ደግሞም "ስለ ማርያም ብሎ የለመነኝን ባዶ እጁን አልመልስም" ብላ ተስላ ነበርና በየቀኑ ከእንጀራዋ ገምሳ ለደጇ ድኃ ትሰጥ ነበር።

ከዕለታት በአንዱም ለመቅደሱ መጋረጃ የፈተለችውን ልቃቂት ለዕቃ ቤቱ አስረክባ ሳለ ጎደለ ተባለ፤ ጎረቤቷ ስንዱም በቅናት ተነሥታ "ለልጇ የሠርግ ቀሚስ አሸምናበታለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ" ብላ አስወራችባት፤ ወሬውም ከደጀ ሰላም እስከ ወንዝ ወርዶ ሴቶቹ ከእርሷ ጋር ውኃ መቅዳት ተዉ፣ የልጇም እጮኛ "ከሌባ ቤት አላገባም" ብሎ ቀረ። ከዓመት በኋላ ካህናቱ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዱ ልቃቂቱ ከሣጥን ኋላ ወድቆ ተገኘ።

ከዚያም ስንዱ አፈረችና እንደ አገሩ ልማድ ጠርዙ የተሸረፈ የወፍጮ መጅ በአንገቷ ተሸክማ፣ ሽማግሌዎች ፊት ፊት እየሄዱላት መጥታ፣ ከወለተ ኪሮስ ደጅ ተንበርክካ "ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ፤ ስለ ማርያም፣ ይቅር በይኝ" አለች። ልማዱ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ ድንጋዩን በእጁ እንዲያወርድ ነበረ። ወለተ ኪሮስ ግን እንዝርቷን እንኳ ሳታስቀምጥ "መጀመሪያ የልጄን ሠርግ መልሺልኝ" አለቻት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ተይ ልጄ፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል" ቢላት "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ብላ በሩን ዘጋች፤ ስንዱም ድንጋዩን እንደ ተሸከመች ተመለሰች። በወለተ ኪሮስ አትፍረዱ፤ እውነትም ተወግታለች፤ እኔ ይህን የምነግራችሁም ስንቱን በር ዘግቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን በቀትር ወለተ ኪሮስ ስትፈትል ከደጅ "ስለ ማርያም" የሚል ድምፅ ሰማችና እንደ ስእለቷ እንጀራ ይዛ ወጣች፤ አንዲት ሴትም በመጎናጸፊያ ተከናንባ፣ ከሸክም የተነሣ ጎንበስ ብላ ቆማ ነበር። "እንኪ እናቴ" ብትላት "እንጀራሽንስ በየቀኑ ተቀብያለሁ፤ ዛሬ ይህን ከአንገቴ አውርጂልኝ" አለቻት። ትክ ብላ ብታይ ያው ጠርዙ የተሸረፈ የስንዱ መጅ ነው።

"ውይ በሞትኩት! ይህን ማን አሸከመሽ?"

"አንቺ ነሻ። በስሜ ለመነችሽ፤ አንቺም ስሜን ከነሸክሙ መለስሽው። የእንጀራ ለማኝ ሲጠራኝ ታውቂኛለሽ፤ የይቅርታ ለማኝ ሲጠራኝ ምነው ጠፋሁብሽ?"

ይህንም ብላ ተሰወረች፤ ድንጋዩ ግን በወለተ ኪሮስ አንገት ላይ ቀረ። ልታወርደው ብትታገል እንቢ አላት፣ ልጇ ብትስበው አልነቃነቅ አለ፤ እስትንፋሷም እያጠረ ሄደና ከሥሩ እንዳትሞት ፈርታ ወደ ስንዱ ቤት ተነሣች። የገበያ ቀን ነበርና ሰው ሁሉ "ይህች ተበዳይዋ አይደለችም እንዴ? ምን ነካት?" እያለ አያት፤ እርሷም ከኀፍረት ብዛት ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን ወደደች፤ ነገር ግን ሁለት እጆቿ ድንጋዩን ደግፈው ነበርና አልቻለችም።

ስንዱም አገር ጥላ ልትሄድ ጓዟን ስትሸክፍ አይታት ደነገጠችና "እትዬ፣ ልትረግሚኝ ነው የመጣሽ?" አለቻት።

"በየት አፌ! ስሟን ጠርተሽ ለምነሽኝ እንቢ አልኩ፤ ስለ ማርያም፣ አንቺው ይቅር በይኝ።"

"እኔ በዳይዋ?" ብላ ስንዱ አለቀሰች፤ ከዚያም ሁለቱ ባንድ ድምፅ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ባሉ ጊዜ ድንጋዩ ማንም ሳይነካው ወርዶ በመካከላቸው ዐረፈ። ስንዱ ወደ ጓሮዋ ሮጣ ብታይ መጇን ያስቀመጠችበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ወለተ ኪሮስም ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ያን ጊዜም ደጅ የቆመችው ማን እንደ ነበረች ዐውቀው እያመሰገኑ ወደ መሬት ሰገዱ።

የልጅቱ ሠርግ ግን አልተመለሰም፤ ይህን አንሸሽጋችሁም። ሁለቱ ሴቶች የቀረውን የመጋረጃ ጥጥ አብረው ፈትለው ጨረሱ፤ ወለተ ኪሮስም እስከ ዕለተ ሞቷ ከደጇ "ስለ ማርያም" የሚል በተሰማ ቁጥር እንዝርቷን አስቀምጣ ትነሣና አስቀድማ "እንጀራ ነው ወይስ ይቅርታ?" ብላ ትጠይቅ ነበር።

እኛም ከነድንጋዩ ከደጃችን የመለስነው ሰው አለና ድንግል ሆይ፣ ፊታችንን መሸፈን ከማንችልበት ቀን በፊት በራችንን አስከፍቺን፤ ይህን ለሰማችሁም ሁሉ እግዚአብሔር ይቅር የተባለ ይቅርም የሚል ልብ ይስጣችሁ፣ ለዘላለሙ አሜን።