አንጓች ያላየችው ውሃ

ዳገቱ ላይ ያለው ዋርካ ገና ችግኝ ሳለ ነው። በዚህችው መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ለሰው ውሃ እየቀዳች የምታድር። አንተ አዝመራው፣ ኩባያውን አስቀምጥና ስማኝ!

አንጓች ስትቀዳ ትቀዳለች። ስትሸከም ትሸከማለች፤ ሐሳቧ ሌላ ጋ አይሄድም። ከመጠጣቷ በፊት ቅሉን ወደ ፀሐይ አዘንብላ ውሃውን ታያለች። በቃ፣ ሌላ ጥፋት የላትም። ሰው ግን እርጋታ አይወድም!

ሰርግ ተደገሰ፤ አስታጥቢ ተባለች። የእንግዳውን እጅ እጁን እያየች በቀስታ ታፈሳለች። ሚዜዎቹ "እቺ ሴትዮ ውሃውን ታናግረዋለች እንዴ!" ብለው ሳቁባት። ማንቆርቆሪያውን ቀምተው ለሌላዋ ሰጡ። ሌላዋም ስታወራ የአማትየውን ጭን በውሃ አራሰችው። በዚህስ ማን ሳቀ? ማንም!

ከዚያ የጭቃ ሹም ቢያድግልኝ የአጨዳ ደቦ መጣ። የመንደሩ ሹም እሱ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንጓች ውሃ ይዛ ደረሰች፤ ሰው ተጋፋ። "ቆዩ፣ ልየው" አለች። ቀድታ አየች። አልቅት! ክር የምታክል አልቅት። እንስራውን እንዳለ ደፋችው።

ጭቃ ሹሙ በገነ። "ውሃ ላይ እንዲህ የምታፈጥ ቡዳ ብትሆን ነው! ከእንግዲህ ምንጩ ጋ እንዳትደርስ!" አለ። አልቅቱ እኮ መሬት ላይ ይንፈራገጣል! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ውሃ ቀጂ ከምንጭ ተከልክላ ምን በልታ ትደር? ጦሟን ታድር ጀመር። የምትጠጣውም ከከብት ኩሬ ሆነ። እሱንም እያየች ጠጣች።

ብዙም ሳይቆይ ጭቃ ሹሙ ከገበያ ሲመለስ ምንጩ ላይ ተደፍቶ ጠጣ። እየጠጣ ስለ በሬ ያወራል። አልቅት ጉሮሮው ላይ ተጣበቀ። ውሎ አድሮ ደም ተፋ፣ ትንፋሽ አጠረው። አንዱ ማጅራቱን ይመታል። አንዱ አረቄ ይግተዋል። ሁሉም ይጮኻል። ሚስቱ ወደ አንጓች ደጅ ሮጠች፤ "እባክሽ እቴ፣ ባሌ ሊሞትብኝ ነው!"

አንጓች መጣች። ብትቀር እኔ አልፈርድባትም ነበር! ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙራ አፉን አስከፈተችው። ቀዝቃዛ ውሃ ከከንፈሩ አስጠጋች፣ እንዳይውጥ ከለከለችው። ሰው ይንጫጫል፣ እሷ ጉሮሮውን ብቻ ታያለች። ቆየች። ቆየች። አልቅቱ ውሃ ሸቶት ብቅ አለ። በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና መዘዘችው።

ሰውየው ነፍስ ሲዘራ ምን አለ? "ከዛሬ ጀምሮ ከምንጩ እንድትቀጂ ፈቅጃለሁ።" ፈቅጃለሁ! በእግዜር ውሃ!

"ፈቃድዎን ለራስዎ ያድርጉት፣ ጌታው" አለች። "መጀመሪያ ይዩት፣ ከዚያ ይጠጡት።" እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን ሰው ሊጠጣ ሲል "አንጓች ትየው" ይላል፤ ቅሉንም ወደ ብርሃን ያዘነብላል። እናንተስ? ስሟን ትጠራላችሁ፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ! እሷ "እዩት" አለች እንጂ "ልይላችሁ" አለች? የሞተች ሴት ውሃ ቀድታላችሁ፣ ደግሞ ታይላችሁ?

አንተ አዝመራው፣ ኩባያውን ጨረስከው አይደል? "አንጓች ትየው" ስትልም ሰምቼሃለሁ። በል ንገረኝ፣ ምን ነበረበት?