የቀበሮ ዘመናዊ ጉባኤ

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ማኅበር መሠረቱና አያ አንበሶን ሊቀመንበር አድርገው መረጡ። በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ በዚያ ቀን ማንም ማንንም ላይበላ ተማምለዋል። ችግሩ የአንበሳ ንግግር ነበር። ጠዋት ይጀምራል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «በመጨረሻም» ይላል፣ ከ«በመጨረሻም» በኋላ ደግሞ ሌላ ያን ያህል ይናገራል። እንስሳቱም በየተቀመጡበት ያንቀላፋሉ።

ያን ዓመት የመጠጥ ኩሬያቸው ክፉኛ ጎደለ። ዝናብ የሞላው ውኃ በወሩ ግማሽ ይሆናል። በጋው ሳይገባ መላ ካልተገኘ ሁሉም ሸለቆውን ጥለው መሰደዳቸው ነው። አንበሳ ተጨነቀና የማኅበሩን ጸሐፊ እመት አህያን ጠራት።

«ባለፈው ጉባኤ የመጡት ስድስት ብቻ ናቸው። ምን ሆነው ነው የሚቀሩት?» አላት።

«ዞሬ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ጌታዬ» አለች አህያ ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ። «ሄደን ከመስማት በቀር የምንናገረው የለም ነው የሚሉት። ዘንድሮ ንግግሩ ቢያጥርና በየጥላው አራት አምስት እየሆንን ብንነጋገርስ? ማዶ ያሉት ሚዳቋዎች ገደሉን መሻገር አይችሉም፤ ለእነሱም ዝንጀሮ አፋፉ ላይ ቆሞ ቃላቸውን እየተቀበለ ያሰማናል።»

ቀበሮ ለካ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ታዳምጥ ነበር። ብቅ አለች።

«ኧረ ጌታዬ! ይሄማ የገበያ ወሬ እንጂ ጉባኤ አይባልም። እኔ ዘመናዊ ጉባኤ ላዘጋጅልዎ። በአበባ ያጌጠ መድረክ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ካርድ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ መክፈቻውን የማመስገኛ ንግግር…»

«ስንት ንግግር አልሽኝ?» አለ አንበሳ ዓይኑ በርቶ።

«ሰባት። አምስቱ የእርስዎ ናቸው።»

ነገሩ እዚያው አለቀ። ቀበሮ አዘጋጅ ሆነች፤ ለምሳ የተመደበው ሥጋም እሷ ጓዳ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ቀበሮ ጥራቱን ለማረጋገጥ ትንሽ ቀመሰች። በማግስቱ ደግማ አረጋገጠች። በሦስተኛው ቀን የሚረጋገጥ ነገር አልቀረም።

አሁን ጥፋቱን የሚሸከምላት ያስፈልጋታል። ትልቅ ቅርጫት በድንጋይ ሞላች፣ በቅጠል ከደነችና ጅብን ፍለጋ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ እንኳን ደስ አለህ! የመስተንግዶ ኃላፊ ሆነሃል።»

«እሰይ! ምን ምን አለ ታዲያ?»

«መጀመሪያ አጀንዳ ይቀርባል። ቀጥሎ ጥናት ይቀርባል።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «አጀንዳው ትኩስ ነው ወይስ ቋንጣ?»

«ትኩስ ነው» አለች ቀበሮ ሳቋን አፍና። «ያውልህ፣ በዚያ ቅርጫት ተከድኗል። እስከ ምሳ ጠብቅልኝ፤ እንዳትከፍተው!» እንደሚከፍተው ግን አልተጠራጠረችም። ያኔ «ሥጋውን በልቶ ድንጋይ ሞላበት» ብላ ልትጮህ ነው ያሰበችው።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። መድረኩን ለማየት የሸለቆው እንስሳ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። የመጀመሪያው ንግግር ተደረገ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀጠለ። ፍየል ከቅጠል የተሠራውን የስም ካርዷን ከነማንጠልጠያው በላችው። በአራተኛው ንግግር ላይ ጃርት እንቅልፍ ጣለውና በግ ትከሻ ላይ ተደገፈ። በግ «ኡይ!» ብላ ከመቀመጫዋ ስትዘል፣ አንበሳ በንግግሩ የተደነቀች መስሎት ሌላ ሰዓት ጨመረበት።

ጅብ ከመድረኩ ጀርባ ቅርጫቱን ታቅፎ ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ አልቻለም። ክዳኑን ገለጠና ዓይኑን ጨፍኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰ። ቀጭ የሚል ድምፅ ጉባኤውን ሁሉ ቀሰቀሰው። ጅብ መንጋጋውን ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ።

«እመት ቀበሮ! አጀንዳው አልበሰለም!»

ቀበሮም ፈጥና ጮኸች። «ጌታዬ፣ ሌባው ይኸውልዎ! የእንግዶቹን ሥጋ በልቶ ቅርጫቱን ድንጋይ ሞላበት!»

«እኔ?» አለ ጅብ፣ እንባው በዓይኑ ሞልቶ። «ሥጋ ቢኖርበት ኖሮ ቅርጫቱስ ይተርፍ ነበር?»

ጅብን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ማስረጃ አመነ። አንበሳ ፊቱን ወደ ቀበሮ አዞረ። «ይቅርታ፣ ሌላ አገርም ጉባኤ አለብኝ» አለችና ጭራዋን ቆልፋ ተፈተለከች። እስከ መጪው ክረምት ያያት የለም።

የተራቡት እንግዶች ለመሄድ ሲነሡ አህያ መሐል ገብታ ቆመች።

«ሣር የምትበሉ፣ ሣሩ እዚሁ አለ። እየጋጣችሁ አጠገባችሁ ካለው ጋር ስለ ኩሬው አውሩ። ሥጋ በሎች ዛሬ ትጾማላችሁ፤ ወሬ ግን አይከለከልም። ዝንጀሮ፣ አንተ አፋፉ ላይ ውጣ!»

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ እኔም ጥቂት…»

«ጌታዬ፣ ዛሬ ጆሮ ብቻ ይስጡን» አለች አህያ። አንበሳ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ከመድረኩ ወረደና እስከ ኋላ ድረስ ሄዶ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ ማዳመጥ ጀመረ።

አጠገቡ እማማ ኤሊና ጃርት ያወሩ ነበር።

«ውኃው የሚጠፋው በሥር ነው» አሉ እማማ ኤሊ። «በኩሬው ወለል ስሄድ ሲስበው በሆዴ ይሰማኛል። ወዳንተ ጉድጓድ ነው የሚገባው፣ ልጄ።»

የጃርት እሾህ በሙሉ ቆመ። «ለዚህ ነው እንዴ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ የሚረጥበው! እኔ እኮ ከእርጥበቱ ልሸሽ ብዬ ይበልጥ ወደ ታች እየቆፈርኩ ነበር!»

ዝንጀሮ ይህን ወደ ማዶ አሰማና ወዲያው ከአፋፉ ተጣራ። «ሚዳቋዎቹ የሚጣበቅ ቀይ ሸክላ አፈር አለን፣ ወደ ገደሉ ሥር እናንከባልልላችሁ ወይ ይላሉ!»

«ያንከባልሉ!» ሲሉ ሁሉም ባንድ አፍ ጮኹ። አህዮች አፈሩን ተሸከሙ፤ ጎሽ ረገጠው፤ ጅብም የጎረሰው ባይኖርም ከጃርት ጋር ጉድጓዱን ሲደፍን ዋለ። በሦስተኛው ቀን የኩሬው ውኃ መጉደሉን አቆመ።

አንበሳ ኩሬው ዳር እማማ ኤሊን አገኛቸው። እንደማፈር ብሎ፣ «እማማ፣ ይህን እያወቁ ሦስት ዓመት ለምን ዝም አሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ኧረ እኔስ ዝም አላልኩም» አሉ እማማ ኤሊ። «ንግግሩ አልቆ ‹ሐሳብ ያለው ወደ መድረክ ይምጣ› ሲባል በየዓመቱ ከኋላ ተነሥቼ መንገድ እጀምራለሁ። ስደርስ ጉባኤው ተበትኖ አገኘዋለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጉባኤ ጠሪ መድረክ ከማስዋብና ንግግር ከማብዛት ይልቅ ችግሩን የሚያውቀው ካለበት ድረስ ሄዶ ማዳመጥ እንዳለበት ነው።