እኩል ያልተካፈለች ክራር

ፊታውራሪ ይመኑ አኮርዲዮን ከገዙ ወዲህ የሚጥማቸው ዘፈን ጠፋ። አንድ ቀን በድግሳቸው መሀል የሚጫወተውን አንድ ክራር መቺ አስቆሙት። የሰውየውን የእርሻ መሬት እሳቸው ራሳቸው ስለ ነጠቁት፣ የቀረችለት ያቺ ክራሩ ብቻ ነበረች።

«ስማ አንተ! የኔ አኮርዲዮን ድምፁ ከቁልፍ ቁልፍ እኩል እኩል የተከፋፈለ ነው። ያንተ ክሮች ድምፅ ግን አንዱ ከጎረቤቱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ይቀመጣል። አሁኑኑ እኩል አድርገህ ቃኛት፤ አለዚያ እሳት ውስጥ ትገባለች!»

እንግዶቹ ሳቁ። ክራር መቺው ክራሩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ አራት ክሮች አንድ ላይ ነካ፤ ድምፃቸው እንደ አንድ ሰው ሆኖ ወጣ።

«ጌታዬ፣ እነዚህስ ሰፋም ጠበብም ብለው ተስማምተዋል። እኩል ማካፈል ካማረዎ ከእርሻው ይጀምሩ፤ እዚያ ድንበር ላይ ከጩኸት በቀር ዜማ ሰምተን አናውቅም።»