ጦጢት የደገሰችው የንቦች ቤት ምረቃ

ተረት ተረት! «የንብ ቤት» በሉኝ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ተረት ይዤላችኋለሁ።

አንዲት ለጋስ ጦጣ ነበረች። የንብ መንጋ የሚኖርበት አሮጌ ዋርካ ሊወድቅ ሲል ንቦቹን ከነንግሥታቸው ወደ አዲስ ቀፎ አዛወረቻቸው። ዋርካው ውስጥ ግን ሰፈፍና ገና ያልበሰለ ቀጭን ማር ተርፎ ነበርና ሁሉንም ሰብስባ ቀፎው ደጃፍ ላይ ዘረጋችው።

በር ጠባቂዋ ንብ ተንጨረጨረች። «ኧረ እመት ጦጢት፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰፈፉን ራቅ አድርገሽ ገንቦ ውስጥ ከተሽ ክደኚው! ማሩን ደግሞ ሲመሻሽ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ውስጥ ስጪን።»

«ውይ አንቺ ደግሞ! ያለ ድግስ ቤት ይመረቃል? ጎረቤት ይቅመስ እንጂ!»

«ጎረቤቶቻችንን ታውቂያቸዋለሽ?»

«ሲመጡ እተዋወቃቸዋለሁ።»

መጡ። መጀመሪያ አንዲት ጉንዳን ቀመሰችና፣ «ጓዳው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች። ጦጢትም በትሕትና በሩን አሳየቻት። ከጉንዳኗ ኋላ ሠራዊቷ፣ ከሠራዊቱም ኋላ የሌላ ቀፎ ንቦች ተከተሉ። የደጁን ጨርሰው ወደ ውስጥ ዘለቁ።

በማግስቱ በር ጠባቂዋ ከሞት የተረፉትን ንቦች አስከትላ ተነሣች።

«ኧረ ወዴት ነው? ሌላ ቤት እኮ እሠራላችኋለሁ!» አለች ጦጢት እየሮጠች።

«ቤቱስ ጥሩ ነበር እህቴ፤ አሁን የምንፈልገው ደጋሽ የሌለበት አገር ነው» አለቻትና በረረች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቆይና ዛሬውኑ ደጃችሁ ላይ አንዲት ጠብታ ማር ጣሉ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ማን እንደሚመጣ ተመልከቱ። ሞክሩት እስቲ!