የንብ አናቢው የእጅ ቋንቋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ንብ አናቢ ነው። ጥያቄሽን ትቼ ወደ ተረት የገባሁ አይምሰልሽ፣ እመለስበታለሁ። ለማያዩ ሰዎች ጽሑፍ የሚያነበውን ፕሮግራምሽን ከነኮዱ ለሁሉም ክፍት ላድርገው ወይስ ዘግቼ ልያዘው ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። አንድ የማታውቂው ወጣት ከአርባ ምንጭ «ኮዱን አሳዪኝ፣ በጋሞኛም እንዲያነብ ላድርገው» ብሎ ጽፎልሻል፤ እስካሁን አልመለስሽለትም። «ጋሼ፣ ብከፍተው ያበላሹብኝ ይሆን? የእኔ መሆኑስ ይቀራል?» አልሽኝ። ሒሳብ ሳስተምርሽም እንዲሁ ሦስት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ ነበር የምትጠይቂው። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣዬን የሚያነብልኝ ያንቺው ፕሮግራም ነውና ነገሩ እኔንም ያገባኛል። በይ ስሚኝ፤ ስልክሽንም አስቀምጪው።

ሰውዬው ሚስቱ ሞታበታለች። የቀረችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ በሕፃንነቷ ክፉኛ ታማ ከዳነች በኋላ ጆሮዋ መስማት አቆመ፤ ስለማትሰማም አፍ ሳትፈታ ቀረች። የመንደሩ ሰው «ያቺ የማትሰማው» ይላታል እንጂ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ብንጠራትስ መች ትሰማለች ብለው ይሆናል።

አባትየው ግን ዝም አላላትም። ቀፎ ሲሠራም ሰም ሲያቀልጥም አጠገቡ ያስቀምጣትና በእጁ ያወራታል። መጀመሪያ ለምግብና ለውሃ ብቻ የሚሆን ምልክት ነበራቸው፤ እየቆየ ሰፋ። ዝናብ ለማለት በሁለት ጣት ትከሻን መታ መታ ማድረግ ሆነ፤ ልጅቷ የዝናብን መምጣት የምታውቀው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ነዋ። ነገ ለማለት መዳፍን እፍ ማለት ሆነ። እናት ለማለት ደግሞ ማጅራትን በእጅ መንካት። ልጅቷ ከእናቷ የምታስታውሰው ታዝላ ሳለች ፊቷን የምትደፋበትን ማጅራት ብቻ ነበር። ይህን ምልክት ያወጣችው ራሷ ናት፤ አባቷ ያን ቀን ሲያያት ወደ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አባትና ልጅ በእጃቸው የሚቀልዱ፣ የሚኳረፉ፣ ያዩትን ሕልም የሚነጋገሩ ሆኑ። ሰውዬው በዚህ ሥራው ኮራ፤ ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን እኮራ ነበር። ችግሩ ከኩራቱ ጋር ሥጋት አብሮ መምጣቱ ነው። ልጅቷ ጣቷን ትንሽ ካዘነበለች አንጓዋን ይዞ ያቃናታል። ከራሷ አዲስ ምልክት ካመጣች ፊቱን ያዞራል። የእናትየዋን ምልክት ያወጣችው እሷ መሆኗን እንኳ እየረሳው ሄደ።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች በአጥር ቀዳዳ ሲያጮልቁ ሁለቱን ሲያወሩ አዩአቸው። ገረማቸው። እነሱም እጃቸውን እያወናጨፉ ይሞክሩ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ከመካከላቸው አንዱ እያላገጠ ነበር። የቀሩት ግን ከልጅቷ ጋር መጫወት ነው የፈለጉት። ሰውዬው ያየው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ዱላ ይዞ ሁሉንም አባረራቸው፤ በማግስቱም በአጥሩ ላይ ቅንጭብ ተከለበትና ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነው። ለልጅቷም «ከቤት ስትወጪ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ አድርጊ፤ ቋንቋችን የሰው መሳቂያ አይሁን» አላት።

ልጅቷ ታዘዘች። ሠርግ ሲጠሩ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ትቀመጣለች። ለቅሶ ሲሄዱም እንደዚያው። ጎረቤቱ ክፉ እንዳይመስልሽ። ሥጋ ሲቆረስ ጥሩውን ለእሷ ያነሡላታል፣ ሲያልፉ ሲያገድሙ ጉንጯን ይስሟታል። ግን ጉንጭ ስንት ጊዜ ይሳማል? ከተሳመች በኋላ ሁሉም ወደ ወሬው ይመለሳል፣ እሷ የሰዎቹን አፍ ስትመለከት ትውላለች። የአንዷ አፍ ሲከፈት የሌላዋ ፊት ሲበራ ታያለች። በመካከላቸው የሚያልፈውን ያንን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ብትይዘው ብላ እንዴት እንደምትመኝ ለአባቷ አትነግረውም ነበር፤ እንዳይከፋው።

ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ማር ቆርጦ መጥቶ እጁን ሲታጠብ ጠብቃ፣ «አንተ ስትሞት ከማን ጋር ነው የማወራው?» አለችው በእጇ። ሰውዬው ደነገጠ። እጁን አደራርቆ፣ «ከእኔ የተሻለ ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም» ብሎ መለሰላት። የጠየቀችው ሌላ፣ እሱ የመለሰው ሌላ። ልጅቷም ራሷን ነቅንቃ ማሩን አንሥታ ገባች።

ክረምቱ እንደወጣ ሰውዬው ቀፎ ሊያወርድ ከፍ ካለ ዋርካ ላይ ወጣ። ንቦቹ ሲነሡበት እግሩ ዳጠውና ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፣ የግራ እጁ አንጓም ወለቀ። ወጌሻ ተጠርቶ ሁለቱንም እጁን በቀርከሃ ስንጥር ጠፍንጎ አሰረለትና፣ «አጥንቱ እስኪገጥም እንዳታንቀሳቅሰው» ብሎት ሄደ።

አየሽ፣ ሰውዬው አፉ ደህና ነው። ማውራት ይችላል። ከጎረቤቱ፣ ከወጌሻው፣ ሊጠይቀው ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር ያወራል። የማያወራው ከልጁ ጋር ብቻ ነው። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ በእጇ ትጠይቀዋለች፦ ያምሃል? ትድናለህ? ቀፎዎቹን ምን ላድርጋቸው? እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ራስ መነቅነቅ ደግሞ ከአዎና ከአይደለም ሌላ ምን ይናገራል? በአፉ ይነግራታል፤ ከንፈሩን ታያለች፣ ምንም አታገኝበትም። እንደገና ትጠይቃለች። እንደገና ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ይናፈቃሉ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ተናፈቁ።

በመጨረሻ መጠየቋን ተወች። አንድ ጠዋት እሳት ለኩሳ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በገዛ ቤቷ፣ በአባቷ ፊት። ከዛፍ ሲወድቅ እንኳ ያልጮኸው ሰውዬ ያንን ሲያይ ጮኸ። እሷ ግን አልሰማችውም።

ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤቱ ናት። አጥሚት ይዛለት እየመጣች ነበር፤ ሮጣ ገባች።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«እጅሽን አንሺ» አላት።

«ለምን?»

«አንሺ ብዬሻለሁ! ደረትሽ ላይ አድርጊና ቀስ ብለሽ ወደ ታች አውርጂው። ወደ እሷ ዞረሽ።»

ሴትዮዋ በቀኝ እጇ ጣሳውን ይዛለች፤ ስለዚህ ግራ እጇን አነሣች፣ ደረቷ ላይ ሳይሆን ሆዷ ላይ አድርጋ እንደ ነገሩ ወደ ታች ሰደደችው። «በግራ አይደለም! ሆድሽ ላይ አይደለም!» ብሎ ተቆጣ። ልጅቷ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላለች። ምልክቱ አትፍሪ ማለት ነበር። ጠማማ ቢሆንም ደርሷታል። ካባቷ እጅ በቀር የማንም እጅ ምንም ተናግሯት አያውቅምና ሴትዮዋን አቅፋ ጣሳውን አስደፋቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ቋንቋውን በአፉ አወጣው። ተኝቶ ይናገራል፣ ጎረቤቲቱና ልጆቿ በእጃቸው ይሠሩታል። እነዚያ በዱላ ያባረራቸው ልጆች ናቸው እንግዲህ፣ አድገዋል። ያላገጠውም አለበት። ዘንበል ያደርጉታል፣ ያሳጥሩታል፣ ሁለት እጅ የሚፈልገውን እንስራ ተሸክመው በአንድ እጅ ይጨርሱታል። ሰውዬው መጀመሪያ ይቃጠል ነበር። ተነሥቶ እንዳያቃናቸው እጁ ታስሯል። ልጅቷን ሲያያት ደግሞ እየሳቀች ከእነሱ ጋር በጠማማው ታወራለች።

አንድ ነገር ግን ልቡን ነካው። የጎረቤቲቱ ሴት ልጅ «እናት» ለማለት ማጅራቷን ሳይሆን ጉንጯን ነካች። «እንዲያ አይደለም» አላት። የጎረቤቲቱ ልጅም፣ «የእኔ እናት የምትስመኝ እዚህ ነው» አለችው። ያ ምልክት የሚስቱ ማጅራት ነበር፤ ከሚስቱ የቀረው እሱ ነው። አሁን ይኸው በየሰዉ ጉንጭ ሊጠፋበት ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ወደ ማታ ልጁ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ስለ እናቷ ልታወራው ጀመረች። እጇን ያደረገችው ማጅራቷ ላይ ነው። ከጎረቤት ጋር የጎረቤቱን፣ ከአባቷ ጋር የአባቷን ትናገራለች። ምንም አልጠፋበትም ነበር።

ስንጥሩ ሲፈታ ግራው ዳነ፣ የቀኝ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አሉ። ቋንቋውን ያወጣው ሰው ራሱ ቋንቋውን በትክክል መናገር የማይችል ሆነ። ልጁ አንድም ቀን አንጓውን ይዛ አላቃናችውም። እንዳለው ትረዳዋለች።

ወሬው ከመንደሩ አለፈ። ከወንዙ ማዶ ባሏ በእርጅና መስማት የተሳነው ሴት መጣች። ሌላዋ ደግሞ መስማት የማትችል ሕፃኗን አዝላ መጣች። እነዚያም የየራሳቸውን ጨመሩበት። በገበያ ቀን ሰዎች ልጅቷን ከሩቅ ሲያዩ እጃቸውን ያነሡላት ጀመር። ስምም ወጣላት፤ በእጅ የሚጠራ ስም፣ እሷ የምትሰማው።

አንድ ቀን ጤፍ ሊያጭዱ በደቦ ወጡ። ሲያርፉ ልጅቷ በመካከል ቆማ በእጇ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው አልገባውም። ፈጣን ነው፣ የማያውቃቸው ምልክቶች ገብተውበታል። የገዛ ልጁን ንግግር፣ በገዛ ቋንቋው፣ ሊያውቀው አልቻለም። አጠገቡ የተቀመጠችውን ጎረቤቱን፣ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ስላንተ ነው» አለችው እየሳቀች። «አባቴ መናገር የጀመረው እጁ ሲሰበር ነው፣ አለች።»

ሰውዬው ከሁሉም ዘግይቶ ሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ለካ ድሮም የፈለገው እሷ ከሰው ጋር አብራ እንድትስቅ ነበር። እሷ ደግሞ አሁን ሰዉን ሁሉ ታስቃለች።

ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ያበላሹብኝ ይሆን አልሽ። አዎ፣ ያበላሹብሻል። አንቺ ዓመት የለፋሽበትን መስመር አንዱ በአንድ ምሽት ያጣምምልሻል። የሚያላግጥም አይጠፋም። ከመካከላቸው ግን እጁን በእንስራ ተይዞ ያንቺን ሐሳብ በአንድ እጅ የሚጨርስ ይመጣል፤ እሱን በአጥር ቀዳዳ አይተሽ አታውቂውም። የእኔ መሆኑስ ይቀራል ወይ አልሽ። ያንቺ የሆነው ኮድሽ አንቺ እንዳሰለፍሽው ሲቀመጥ ነው ብለሽ ካሰብሽ፣ ይቀራል። ያ ሰው ግን ቋንቋውን ያወጣው ልጁ ብቻዋን እንዳትሆን ነበር። ሲደፍነው ብቻዋን አደረጋት፣ ሲከፍተው ሰው አገኘች። አንቺም ፕሮግራሙን ስትጀምሪ ምን ብለሽ እንደጀመርሽው አስታውሺ፤ ለማያየው ሰው ብለሽ ነው፣ እዚሁ ተቀምጠሽ ነግረሽኛል። አማርኛ የሚሰማውን ብቻ ብለሽ አልነበረም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ታላቅ እህቴ ጨንቻ ነው ያለችው። የእሷ ዓይን ከእኔ ቀድሞ ነው የጠፋው። አማርኛም አይገባትም፤ ቋንቋዋ ጋሞኛ ነው። እሑድ እሑድ ስደውልላት ያንቺ ፕሮግራም ከኋላዬ ሲያነብ ትሰማውና ሰው ይመስላታል። «ያ ሰውዬ ዛሬ ምን አለ?» ትለኛለች፣ እኔም የሰማሁትን በቋንቋችን እነግራታለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «እኔ ቤትስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። እኔ ስለ ብርዱ አወራኋት።

ነገ እሑድ ነው፣ ፍሬሕይወት። እደውልላታለሁ። ምን ልበላት?