ልጄን አላሻግር ያለው ድልድይ

ጠጋ በሉማ፤ ተረቴ መጣሁ ይላል። ይምጣ በሉኛ!

ትርንጎ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ አስካለ ወሯ ገብቷል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው። ደቦ ወጥቶ የሠራው ድልድይ በአንዲት አህያ ጭነት ወገቡ ተቆረጠ። ትርንጎ ወደ ድልድዩ ሄደች።

"አንተ ድልድይ፣ ልጄን አሻግርልኝ።"

"አልሸከምም! ኮንክሪቱ አልጠነክር ብሎኛል።"

"አንተ ኮንክሪት፣ ጠንክር እንጂ፤ ድልድዩ ልጄን አልሸከምም አለ።"

"አልጠነክርም! ጠጠሬ ብስባሽ ነው፣ በጣት ይፈርሳል። ጥቁሩን ድንጋይ አምጪልኝ።"

ወደ ተራራው ወጣች። አይ እናት!

"አንተ ጥቁር ድንጋይ፣ ጠጠር ሁን፤ ኮንክሪቱ አልጠነክርም፣ ድልድዩ ልጄን አልሸከምም አለ።"

"አልሆንም! መዶሻው መች ይመታኛል? እኔ ሩቅ ነኝ፤ እሱ የወንዙን ዳር ነጭ ጭንጫ ለምዷል።"

ቅርብ ያለ ነገር ይጣፍጣል፣ ልጆቼ። ወደ መዶሻው ሄደች።

"አንተ መዶሻ፣ ድንጋዩን ምታ፤ ድንጋዩ ጠጠር አልሆንም፣ ኮንክሪቱ አልጠነክርም፣ ድልድዩ ልጄን አልሸከምም አለ።"

"አልመታም! ግንበኛው ዳምጠው አላነሳኝም።"

"ዳምጠው፣ መዶሻውን አንሳ፤ መዶሻው አልመታም፣ ድንጋዩ ጠጠር አልሆንም፣ ኮንክሪቱ አልጠነክርም፣ ድልድዩ ልጄን አልሸከምም አለ።"

"አላነሳም፣ እትዬ ትርንጎ! ለአንድ ሳጥን ሲሚንቶ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ብዬ ብሰፍር ምን ዋጋ አለው? ደቦው ማቡካቱ ሲደክመው ውሃ ይደፋበታል፤ ውሃ የበዛበት ደግሞ አይጠነክርም።"

ወደ ደቦው ሄደች።

"እናንተ ደቦዎች፣ ውሃ አትድፉ፤ ዳምጠው አላነሳም፣ መዶሻው አልመታም፣ ድንጋዩ ጠጠር አልሆንም፣ ኮንክሪቱ አልጠነክርም፣ ድልድዩ ልጄን አልሸከምም አለ።"

ሳቁባት! ሞላ የሚሉት ቀልደኛ አካፋውን ተደግፎ፣ "እትዬ፣ ቡኮው ሲወፍር ወገብ ይሰብራል፤ ሲላላ እንደ አጥሚት ይገላበጣል። ጠላውስ እስኪሞቅ ልንጠብቅ ነው?" አለ።

ሰነበተ። አስካለን ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቷል። ቃሬዛውን ማን ተሸከመ? ያው ደቦው። ዳር ላይ ቆሙ፤ ቆሙ፤ ወንዙ አልጎደለም። አስካለ እዚያው ከነፅንሷ አረፈች።

ትርንጎ አልጮኸችም። ከፊት ያለውን ተሸካሚ ብቻ አየችው።

"ሞላ፣ ከበደህ?"



ወንዙ ሲጎድል ደቦው ተመልሶ ወጣ። ደቦው ውሃ አልደፋ፣ ዳምጠው መዶሻውን አነሳ፣ መዶሻው ድንጋዩን መታ፣ ድንጋዩ ጠጠር ሆነ፣ ኮንክሪቱ ጠነከረ። ሃያ ስምንት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ጠበቁት። ድልድዩም "እሸከማለሁ" አለ።

መጀመሪያ ማን ተሻገረ? ትርንጎ። የአስካለን የሰማንያ ቀን ተዝካር እንጀራ በመሶብ ተሸክማ፣ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም።

በሉ ተረቴን ተረከቡኝ፤ አፌን መሮኛል።